አምፑ ዝም ሲል መጀመሪያ ክሎኩን ጠይቁ

ቮልቴጁ አለ። ስፒከሩ በሌላ አምፕ ተሞክሮ ደህና ነው። ኮዱም ያለ ስህተት ተጭኗል። ድምፅ ግን የለም፤ ወይም አለ፣ ግን ዘይት ላይ እንደ ወደቀ ሽንኩርት ይንጨረጨራል።

አዳማ ላይ ይህ ችግር ሦስት ዓይነት ሰው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፦ የመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክት የያዘ የምህንድስና ተማሪ፣ ለባጃጅ ትንሽ ማጫወቻ የሚገጣጥም ልጅ፣ እና "ምስል አለው፣ ድምፅ የለውም" የተባለ ቴሌቪዥን የተረከበ ጠጋኝ። የሦስቱም እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ቺፑ ነው። ተቃጥሏል ይሉና ይነቅሉታል። ምትኩን ለማግኘት ደግሞ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ መርካቶ መላክ ሊመጣ ይችላል። ከመንቀላችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ለክሎኩ ስጡት።

በድሮው አናሎግ አምፕ ፈተናው ቀላል ነበር። መግቢያውን በጣት ነካ ሲያደርጉት ስፒከሩ ከጎመጎመ አምፑ በሕይወት አለ ማለት ነው። ዲጂታል መግቢያ ያለውን ቺፕ ግን ቀኑን ሙሉ በጣት ብትነኩት መልስ አይሰጣችሁም። እሱ የሚቀበለው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን መቼ እንደሚያነብ የሚነግረው ደግሞ ክሎኩ ነው። ክሎኩ ከጠፋ ወይም ልኩን ካልጠበቀ አብዛኛው ቺፕ መውጫውን ይዘጋል። ይህ ብልሽት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። የክላስ ዲ አምፕ መውጫ በሰከንድ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ቅያሬው መሃል ላይ ቆሞ አንዱ ጎን በርቶ ቢቀር ስፒከሩ ላይ ዲሲ፣ ማለትም አቅጣጫውን የማይቀይር ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ፣ ያርፋል።

ቁጥሩና ክሎኩ ወደ ቺፑ የሚሄዱበት መገናኛ አይቱኤስ ይባላል፤ ፊሊፕስ በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሥርዓት ነው። ሦስት ሽቦ አለው። ቢት ክሎክ ለእያንዳንዱ ቢት አንድ ጊዜ ይመታል። ኤል-አር ክሎክ የግራውን ቁጥር (ቃል ይባላል) ከቀኙ ይለያል፤ ዝቅ ሲል ግራ፣ ከፍ ሲል ቀኝ። ሦስተኛው ዳታው ነው። ዳታውን ዘፈን ካላችሁት ቢት ክሎኩ ጭብጨባው ነው፤ ኤል-አር ክሎኩ ደግሞ አቀንቃኙ የት እንደሚያቆምና ተቀባዮቹ የት እንደሚገቡ የሚያስታውቀው ምልክት። ጭብጨባው ቢዘል ወይም ተቀባዩ አንድ ምት ቀድሞ ቢገባ ግጥሙ ትክክል ሆኖም ዘፈኑ ይበላሻል።

ሒሳቡ አጭር ነው። የናሙናውን ፍጥነት፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ በቁጥር እንደተለካ፣ በሁለት ቻነልና በአንዱ ቻነል የቢት ቦታ ታበዛላችሁ። 44.1 ኪሎኸርዝ በ2 በ32 ሲባዛ ቢት ክሎኩ 2.8224 ሜጋኸርዝ ይሆናል። 48 ኪሎኸርዝ ከሆነ 3.072 ሜጋኸርዝ። የቢት ቦታው 16 ብቻ ከሆነ በ44.1 ላይ 1.4112 ሜጋኸርዝ ይወርዳል። ቺፑ አጥብቆ የሚያየው የሜጋኸርዙን ቁጥር ለብቻው ሳይሆን ጥምርታውን ነው፤ በአንድ የኤል-አር ዙር ውስጥ ስንት የቢት ምት ገባ? 32 ነው ወይስ 64? በአንዱ ዙር 64፣ በሚቀጥለው 63 ከሆነ ሙዚቃው የሚያምር ቢሆንም ለቺፑ ስህተት ነው።

አራተኛው ሽቦ ማስተር ክሎክ ነው፤ ቺፖቹም በዚህ ለሁለት ይከፈላሉ። አዲሶቹ አብዛኞቹ አይጠይቁትም፤ ከቢት ክሎኩ ተነስተው በውስጣቸው ባለ ፒኤልኤል (ከአንድ ክሎክ ሌላ ፍጥነት ያለው ክሎክ የሚሠራ ክፍል) የሚፈልጉትን ፍጥነት ራሳቸው ያመርታሉ። የቆዩት ግን ያለ ማስተር ክሎክ ንቅንቅ አይሉም። በብዙ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ውስጥ የሚገኙት የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲኤኤስ5707 እና ቲኤኤስ5711 የዚህ ወገን ናቸው። ማስተር ክሎኩ ብዙውን ጊዜ ከናሙናው ፍጥነት 256 እጥፍ ነው፤ ለ44.1 ኪሎኸርዝ 11.2896 ሜጋኸርዝ፣ ለ48 ደግሞ 12.288 ሜጋኸርዝ። ሁለቱ ቁጥሮች ይቀራረባሉ እንጂ አይተካኩም። 12.288 ክሪስታል (ክሎክ የሚያመነጭ ዕቃ) ላይ 44.1 ኪሎኸርዝ ለማውጣት የሚሞክር ሰው በሙሉ ቁጥር ማካፈል አይችልም።

ለቴሌቪዥን ጠጋኞች እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቲኤኤስ5707 ያለበት ቦርድ ዝም ሲል በተራ የሚታየው እንዲህ ነው። 3.3 ቮልቱና የስፒከሩ ዋና ቮልቴጅ ይለካል። ቀጥሎ የሪሴት (እንደገና ማስጀመሪያ) እና የፒዲኤን (ማስተኛ) እግሮች ሁለቱም ከፍ ማለታቸው ይታያል። ከዚያ ማስተር ክሎኩ፣ ቢት ክሎኩ፣ ኤል-አር ክሎኩ። አንዱ ብቻ ከጎደለ ቺፑን አትንቀሉት፤ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ያለው ከዋናው ፕሮሰሰር በኩል ወይም መሃል ላይ ባለችው ትንሽ ሬዚስተር ነው። በክሎክ መስመር ላይ በተከታታይ የምትገባው ይህቺ ሬዚስተር ስትሰነጠቅ በዓይን አትለይም፤ በቴስተር ግን ወዲያው ትያዛለች። የአይቱሲ (ቺፑ ትእዛዝ የሚቀበልበት መስመር) ማንበቢያ ያለው ሰው ሬጂስተር 02ን (በቺፑ ውስጥ ያለ የመረጃ ሳጥን) ቢያነብ ቺፑ ራሱ ያወራል። ከላይ ያለው ቢት 7 የማስተር ክሎክ ስህተት ነው፣ ቢት 6 የፒኤልኤል፣ ቢት 5 የቢት ክሎክ፣ ቢት 4 የኤል-አር ክሎክ። የተመዘገበው ስህተት ዜሮ እስኪጻፍበት ድረስ ስለሚቆይ መጀመሪያ አጥፉትና ከትንሽ ቆይታ በኋላ እንደገና አንብቡ፤ አለዚያ ሲነሳ የነበረውን የቆየ ስህተት የአሁን አስመስላችሁ ትሮጣላችሁ።

ይህንኑ ቺፕ ከተጣለ ቴሌቪዥን አውጥቶ ለራሱ ሥራ የሚያውል ሰው ደግሞ ቅደም ተከተሉን አይዝለል። ቮልቴጁ ሲረጋጋ ሪሴት ዝቅ እንዳለ ቢያንስ 100 ማይክሮሰከንድ ይቆያል፤ ከፍ ካለ በኋላ 13.5 ሚሊሰከንድ ይጠበቃል፤ ሬጂስተር 1ቢ ላይ ዜሮ ይጻፍና ቢያንስ 50 ሚሊሰከንድ ይታገሣል። ሌላው ማስተካከያ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። 1ቢ ላይ ዜሮ መጻፍ የውስጡን ኦሲሌተር የሚያስተካክለው ትእዛዝ ነው። ይህን የረሳ ሰው ቺፑ አንድ ቀን ይሠራለታል፣ በማግስቱ ያኮርፈዋል።

አሁን ወደ ትንሿ ቦርድ። ኢኤስፒ32 ከሚባለው ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ ጋር ብዙ ሰው የሚያጣምረው ማክስ98357ኤ የተባለ የአምፕ ቺፕ ያለበትን ሰሌዳ ነው። በ5 ቮልት፣ 4 ኦም ስፒከር ላይ፣ መዛባቱ 10 በመቶ ሲደርስ 3.2 ዋት ይሰጣል። ማስተር ክሎክ አይፈልግም። በአንድ የኤል-አር ዙር 32፣ 48 ወይም 64 የቢት ምት ይቀበላል። እዚህ ድረስ ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያነበው የዳታሺቱ (አምራቹ ስለ ቺፑ የሚያወጣው ሰነድ) መስመር የናሙና ፍጥነት ዝርዝሩ ነው፤ 8፣ 16፣ 32፣ 44.1፣ 48፣ 88.2 እና 96 ኪሎኸርዝ። 11.025፣ 12፣ 22.05 እና 24 እንደማይደገፉ በግልጽ ተጽፏል።

ይህ ለምን ያስቸግራል ቢባል፣ በኮምፒውተር የሚመረት የንግግር ድምፅ በአብዛኛው የሚወጣው በ22.05 ወይም በ24 ኪሎኸርዝ ስለሆነ ነው። በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ማስታወቂያ የሚያሰማ ሥራ የሚሠራ ተማሪ ፋይሉን እንዳለ ይልከዋል፤ አንዳንዴ ይናገርለታል፣ አንዳንዴ ይንጫጫል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። "ትናንት ሠርቶ ነበር" የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ሲሠራ ቢታይም አትመኑት። መፍትሔው ቀላል ነው፤ 22.05ን ወደ 44.1፣ 24ን ወደ 48 እጥፍ ማድረግ። ፋይሉ አስቀድሞ የተዘጋጀ ከሆነ በኮምፒውተር ቀይሩትና ጨርሱ። በቀጥታ የሚመጣ ከሆነ ግን በሁለት ናሙና መካከል አማካያቸውን ጨምሩ፦ 1000 እና 1400 ተከታትለው ከመጡ መሃላቸው 1200 ይገባል። አንዱን ናሙና ሁለት ጊዜ መደጋገምም ይሠራል፤ "ስ" እና "ሽ" ላይ ግን ሻካራነቱ ይሰማል።

ከዚሁ ዳታሺት ላይ በቀይ ብታሰምሩበት የሚያስቆጭ ያልሆነ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ። ቢት ክሎኩ እየመታ ኤል-አር ክሎኩን አታቋርጡ ይላል፤ ቢቋረጥ መውጫው ላይ ትልቅ የዲሲ ቮልቴጅ ሊወጣ ይችላል። ይህን በቁጥር እንየው። 5 ቮልት 4 ኦም ላይ ቢያርፍ 6.25 ዋት ነው፤ ያውም የማይንቀሳቀስ፣ ሙቀት ብቻ የሆነ ኃይል። 3 ዋት የተጻፈበት ስፒከር ይህን አይችልም፤ ኮኑ ወደ አንድ ጎን ተገፍቶ ይቀርና መጠምጠሚያው መሽተት ይጀምራል። ለዚህ የሚያበቃው ደግሞ አንድ የላላ ጀምፐር ሽቦ ብቻ ነው። በዳቦ ሰሌዳ (ብሬድቦርድ፣ ሽቦ ያለ ብየዳ የሚሰካበት) ላይ የተሰካን ነገር ባጃጅ ላይ ጭኖ በኮብልስቶን መንገድ መንዳት የትኛው ሽቦ ቀድሞ እንደሚወልቅ ዕጣ ማውጣት ነው። ከጠረጴዛ የሚወጣ ነገር ሁሉ፣ ቢያንስ የኤል-አር ሽቦው፣ በሶልደር ይያዝ። ስትሞክሩም ቴስተሩን በዲሲ አድርጋችሁ ሁለቱን የስፒከር ጫፎች ለኩ፤ ሙዚቃ በሌለበት ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። አንድ ቮልት ካነበባችሁ ስፒከሩን ንቀሉ፤ ምክንያቱን ኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ቢት ክሎኩ ሲቆም ይህ ቺፕ ራሱ መውጫውን ዘግቶ ይተኛል። ስለዚህ ሲዘጋ መጀመሪያ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ዜሮ ትልካላችሁ፣ ከዚያ በኤስዲ እግር ቺፑን ታስተኛላችሁ፣ በመጨረሻ ክሎኮቹን በአንድነት ታቆማላችሁ። ሲከፈት ተገላቢጦሽ፤ ክሎክ፣ ጥቂት ዜሮ፣ ከዚያ ኤስዲ። ዘፈን በተቀየረ ቁጥር "ጷ" የሚል ድምፅ የሚሰማው ፕሮግራሙ በየፋይሉ መጨረሻ ክሎኩን ስለሚያቋርጥና መልሶ ስለሚጀምር ነው። በራስቤሪ ፓይ (ትንሽ ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር) ላይ ይህን የሚያመልጡት ከኋላ ሆኖ ሳያቋርጥ ዜሮ የሚያጫውት ትንሽ ፕሮግራም በማስነሳት ነው። አያምርም፣ ግን ይሠራል።

ኤስዲ የምትባለው እግር ግን የራሷ ወጥመድ አላት። ብዙ ሰው ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ትመስለዋለች። ቺፑ እግሯ ላይ ያለውን ቮልቴጅ አይቶ ቻነልም ይመርጣል፤ ከ0.16 ቮልት በታች ይተኛል፣ ከዚያ እስከ 0.77 ግራና ቀኝን ቀላቅሎ ያወጣል፣ እስከ 1.4 ቀኝን ብቻ፣ ከዚያ በላይ ግራን ብቻ። በቺፑ ውስጥ ወደ ግራውንድ የሚጎትት 100 ኪሎኦም አለ፤ በተለመደው ሰሌዳ ላይ ደግሞ ወደ 5 ቮልት የሚጎትት 1 ሜጋኦም ተበይዷል። ሁለቱ ተካፍለው 0.45 ቮልት ይሰጣሉ፤ ቅልቅሉ ማለት ነው። አሁን አንዱ የኢኤስፒ32ን እግር በቀጥታ ኤስዲ ላይ ሲያገናኝና ከፍ ሲያደርገው 3.3 ቮልት ይደርሳል፤ ቺፑ ወደ ግራ ቻነል ብቻ ይዞራል። በቀኝ በኩል የተቀዳው ክራር ጠፋ ብሎ ኮዱን ሲያገላብጥ ይውላል።

ብልጥ የሆነው ደግሞ 680 ኪሎኦም በተከታታይ አስገባለሁ ይላል። በባዶ ቺፕ ላይ ያስኬዳል፤ በሰሌዳው ላይ ግን ከ1 ሜጋኦሙ ጋር ተደምሮ ከፍ ሲል ወደ 0.79 ቮልት ይወጣና ቀኝን ብቻ ያስመርጣል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ 0.40 ላይ ይቆምና ቺፑ አይተኛም። ትክክለኛው መንገድ ያለ ምንም ሬዚስተር የኢኤስፒ32ን እግር በኦፕን ድሬን (ወደ ታች የሚጎትት እንጂ ወደ ላይ የማይገፋ) ማዋቀር ነው። ዝቅ ሲል ግራውንድ ላይ ይይዘዋል፤ ሲለቀቅ ሰሌዳው ራሱ ወደ 0.45 ይመልሰዋል።

ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪኩን ቅርጽ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ተራ ቴስተር ይበቃል፤ ሲለካ የሚያሳየው አማካዩን ስለሆነ። ከ0 ወደ 3.3 ቮልት እኩል የሚመላለስ ክሎክ በዲሲ ሲለካ 1.65 ቮልት አካባቢ ይነበባል። ቢት ክሎኩም ኤል-አር ክሎኩም ይህን ካሳዩ ሁለቱም እየመቱ ነው። ድፍን 0 ወይም ድፍን 3.3 ካያችሁ ቆሟል። ኤል-አሩ 0.1 ቮልት አካባቢ ካሳየ ምናልባት ፕሮግራሙ በአይቱኤስ ፈንታ አጭር ምት የሚሰጠውን የፒሲኤም ዓይነት መርጧል፤ ኮዱን እዩ። ቴስተራችሁ ኸርዝ የሚለካ ከሆነ ኤል-አሩ ላይ 44.1 ኪሎኸርዝን ታነቡ ይሆናል። ቢት ክሎኩን ግን ርካሽ ቴስተር አይደርስበትም።

በሰከንድ 24 ሚሊዮን ጊዜ የሚያነበው ርካሽ ባለ 8 መስመር ሎጂክ አናላይዘር (የመስመሮችን ከፍና ዝቅ ማለት የሚመዘግብ መሣሪያ) ለ2.8224 ሜጋኸርዝ በአንድ ምት 8 ተኩል ያህል ንባብ ያገኛል። ምቱን ለመቁጠርና ዳታው ከኤል-አሩ ጋር ያለውን አሰላለፍ ለማየት በቂ ነው። ንባቦቹ መካከል ወደ 42 ናኖሰከንድ ስላለ ግን የክሎክ መንቀጥቀጥን (የምቱን ጥቂት መቅደምና መዘግየት) በእሱ ልለካ ማለት ሚስማርን በክንድ መለካት ነው።

እሱ የማያየው አንድ ትልቅ ችግር ደግሞ አለ። ሽቦው ሲረዝም የቢት ክሎኩ ጠርዝ ላይ ነጸብራቅ ይፈጠራል፤ አንዱ ጠርዝ ለጥቂት ናኖሰከንድ ወርዶ ተመልሶ ሲወጣ ቺፑ ሁለት ምት ይቆጥራል። ቃሉ በአንድ ቢት ይንሸራተታል፤ ድምፁ መንጨርጨር ይጀምራል። ሎጂክ አናላይዘሩ ግን ሁሉም ሰላም ነው ይላችኋል። ምልክቱ ይህ ነው፦ ቢት ክሎኩን በጣት ስትነኩት ወይም ፕሮብ ስታስጠጉበት ድምፁ ይጠራል። ጣታችሁ ጥቂት ፒኮፋራድ ስለጨመረ ጠርዙ ለዘብ አለ። የድሮው የጣት ፈተና እዚህ ቤት ጥቅም አገኘ ማለት ነው። መድኃኒቱ 33 ኦም ሬዚስተር ነው፤ ከ22 እስከ 47 ያለው ሁሉ ይሆናል። የሚቀመጠው ከላኪው፣ ማለትም ከኢኤስፒ32ው እግር አጠገብ ነው፤ ቺፑ ጋ ካደረጋችሁት ነጸብራቁ በመንገድ ላይ እንዳለ ይቀራል። ሽቦውን ከ15 ሴንቲሜትር አታሳልፉ፤ ከቢት ክሎኩ ጎን የግራውንድ ሽቦ አብራችሁ ጠምዝዙ። ስፒከሩ ሩቅ ከሆነ የስፒከሩን ሽቦ አርዝሙ እንጂ የአይቱኤሱን አይደለም። በነገራችን ላይ የእነዚህ ቺፖች ሁለቱም የስፒከር ጫፎች የሚነዱ ናቸው፤ እንደ ድሮው አንዱን ጫፍ ከባጃጁ ቦዲ ጋር ማሰር ቺፑን በራሱ ላይ ማጋጨት ነው።

ግራውንዱም ከክሎክ ጋር የተያያዘ ነው፣ ምንም እንኳ ባይመስል። ጮክ ባለ ባስ ወቅት 5 ቮልትና 4 ኦም እስከ 1.25 አምፔር ያስኬዳሉ። ይህ ኃይል የሚመለሰው ክሎኩ በሚጠቀምበት በዚያው ቀጭን ጀምፐር ከሆነ፣ 0.1 ኦም ላይ 0.125 ቮልት ይነሳል። የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያመጣ መሰኪያው ላይ ሲደፈድፍ ንክኪው 0.3 ኦም ቢደርስ ደግሞ ወደ 0.4 ቮልት ይጠጋል። የቺፑ ግራውንድ ከላኪው ግራውንድ ጋር እኩል ካልሆነ ክሎኩ ዝቅ ማለቱና ከፍ ማለቱ ይምታታበታል። ስለዚህ በዝቅተኛ ድምፅ ንጹህ ሆኖ ባስ ሲመታ ብቻ የሚቆራረጥ አምፕ ስታዩ የቺፑን ግራውንድ በወፍራም ሽቦ በቀጥታ ወደ ቮልቴጅ ምንጩ ውሰዱት። 0.1 ማይክሮፋራድና 10 ማይክሮፋራድ ኮንደንሰር ከእግሩ አጠገብ፣ 470 ማይክሮፋራድ ደግሞ ሰሌዳው መግቢያ ላይ ጨምሩ። የሙቀት መዘጋትን ከክሎክ ስህተት ለመለየትም ጊዜውን ተመልከቱ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ያለ ቺፕ ከሠራ ከደቂቃዎች በኋላ ቢዘጋና ሲቀዘቅዝ ቢመለስ ሙቀት ነው፤ ሽቦ ሲነካ የሚመለስ ከሆነ ግን ንክኪ ነው።

የኢኤስፒ32ው ክሎክ ራሱስ? መደበኛ ምንጩ 160 ሜጋኸርዝ ነው። ለ48 ኪሎኸርዝ 12.288 ሜጋኸርዝ ለማውጣት በ13 እና አንድ አርባ ስምንተኛ ማካፈል አለበት፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ በ13፣ አልፎ አልፎ በ14 ያካፍላል። ለ44.1 ደግሞ 14.17 ስለሆነ 14ና 15 ይፈራረቃሉ። እያንዳንዱ ዝላይ 6.25 ናኖሰከንድ ነው። ማክስ98357ኤ 12 ናኖሰከንድ ያህል መንቀጥቀጥ ስለሚታገሥ አይከፋም። ይበልጥ ንጹህ ክሎክ ለሚፈልግ ቺፕ ግን ኤፒኤልኤል የሚባለውን የኦዲዮ ፒኤልኤል ማብራት ነው። እሱ በመጀመሪያው ኢኤስፒ32 ላይ አለ፣ በኋላ በወጡት በኤስ3 እና በሲ3 ዓይነቶቹ ላይ የለም፤ አዲስ ሁሉ ይበልጣል ብሎ የገዛ ሰው እዚህ ላይ ይከፋዋል። በ3 ዋት ስፒከር ላይ ልዩነቱን በጆሮ እለያለሁ ለሚል ሰው ግን ገንዘቡን ከክሪስታል ይልቅ ለስፒከሩ ሳጥን እንዲያውለው እመክረዋለሁ።

ማስተር ክሎክ ለሚጠይቅ ቺፕ የመጀመሪያው ኢኤስፒ32 በእግር 0፣ 1 እና 3 ብቻ ነው የሚያወጣው። 1ና 3 የሲሪያል መገናኛው ስለሆኑ የሚቀረው 0 ነው። እግር 0 ደግሞ ሲነሳ ዝቅ ካለ ሰሌዳው ፕሮግራም ለመቀበል ይቆማል እንጂ ሥራ አይጀምርም። መብራት ሄዶ ሲመጣ "አልነሳ አለ" የሚባል ሰሌዳ ካለ አምፑን ነቅላችሁ አስነሱት፤ ከተነሳ ጥፋተኛው ተገኝቷል። 24 ቢት ዳታ የምትልኩ ከሆነም ማስተር ክሎኩን ከ256 ወደ 384 እጥፍ ቀይሩት፤ 256 ለ3 ስለማይካፈል ኤል-አሩ ልኩን ይስታል።

ክሎኩ ሁሉ ልክ ሆኖ ድምፁ የተጣመመ ከሆነ አሰላለፉን ጠርጥሩ። በአይቱኤስ የመጀመሪያው ቢት የሚመጣው ኤል-አሩ ከተቀየረ ከአንድ ምት በኋላ ነው፤ ሌፍት ጀስቲፋይድ በሚባለው ሌላ አሰላለፍ ግን ወዲያው። ማክስ98357ኤ የመጀመሪያውን ይቀበላል፣ ማክስ98357ቢ ሁለተኛውን። በቺፑ ስም መጨረሻ ያለችው አንዲት ፊደል ይህን ታህል። ላኪው ሌፍት ጀስቲፋይድ፣ ተቀባዩ አይቱኤስ ከሆነ ከላይ ያለው ቢት ይጠፋል፤ ለስለስ ያለው ድምፅ እጥፍ ጮክ ብሎ ንጹህ ይወጣል፣ ጮክ ያለው ግን ይገለበጣል። በተቃራኒው ከሆነ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ ቦታ ይስትና ለስላሳውም ጭምር ይንጫጫል። ስለዚህ ሳይን ቶን (አንድ ወጥ ንጹህ ቃና) በዝቅተኛ መጠን አጫውቱና ስሙ፤ የትኛው እንደተሳሳተ ጆሮ ይነግራችኋል።

የመጨረሻው ከሁሉም የሚያደናግረው ነው፦ ሁሉ ነገር ሰላም ሆኖ በየጥቂት ደቂቃው አንድ "ጠቅ"። ይህ የሚመጣው ሁለት ክሪስታል ሲጣላ ነው። ስልኩ በብሉቱዝ የሚልከው በራሱ ክሎክ ነው፣ ሰሌዳው የሚያጫውተው በራሱ። ልዩነታቸው ከሚሊዮን 50 ብቻ ቢሆን በሰከንድ 2.2 ናሙና ይተርፋል ወይም ይጎድላል። 1024 ናሙና የሚይዝ መጠባበቂያ ከባዶ ተነስቶ በ7 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ይሞላል፤ ግማሹ ሞልቶ ከጀመረ በግማሹ ጊዜ። ጠቅታው በሰዓት የሚለካ እኩል ልዩነት ካለው ሽቦ መነካካት ተዉ። መጠባበቂያውን ማስፋት ጠቅታውን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። የሚያጠፋው የመጠባበቂያውን ደረጃ እየተከታተሉ ከግማሽ ሲያልፍ ኤፒኤልኤሉን በጥቂት ሚሊዮንኛ ማፍጠን፣ ሲያንስ ማዘግየት ነው። ኤፒኤልኤል ከሌለ በሰከንድ ሁለት ሦስት ናሙና ከጎረቤቱ ጋር አማካይ አድርጎ መቀነስ ወይም መጨመር ይቻላል፤ በዘፈን ላይ አይሰማም፣ በሳይን ቶን ላይ ግን ትንሽ ይሰማል።